መረጃ ሰጪ ሦስት

የማስተምረው ትምህርት ስሙ ረጅም ነው፤ «ባህልና የፈጠራ ኢንዱስትሪዎች» ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቴ ለደንበኞቿ ስታስተዋውቀኝ ታሳጥረዋለች፤ «ወንድሜ ሌላው እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ራሱ ቁልፍ መትከል አይችልም።» አይከፋኝም፤ እውነቷን ነው። ሥራዬ፣ ከሸክላ ሠሪ እስከ ቪዲዮ ጌም ሠሪ፣ ሰው የፈጠረው ነገር ከየት መጥቶ እንዴት መተዳደሪያ እንደሚሆን መጠየቅ ነው። መጠየቅ ደግሞ አይሰለቸኝም። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠን ሰው ቦርሳውን ማን እንደሰፋው ሳልጠይቅ የወረድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ተማሪዎቹ «ጭምት» የሚሏት አንዲት ልጅ አለች። ሁሌም የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ አራት ዓመት ሙሉ እጇን ያወጣችው ምናልባት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ፈታኝ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ርዕሷን ሳይ ደስ አለኝ፤ ታፔላ ጻፊዎች። በብሩሽና በቀለም የሱቅ ስም የሚጽፉ፣ ማሽን የሚያትመው ፕላስቲክ ከገበያ እያስወጣቸው ያሉ ሰዎች። የእኔም የዶክትሬት ጥናት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በእነሱ ላይ ነበር።

ደስታዬ ግን ግማሽ ሰዓትም አልቆየም። ኩረጃ የሚፈትሸው ሶፍትዌር ሦስተኛ ምዕራፏን ከላይ እስከ ታች ቀይ አለበሰው። ምንጩን ስጫን የራሴ ስም ወጣ።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በእኛ ሥራ የተጠያቂ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው። በእኔ ጥናት «መረጃ ሰጪ ሦስት» የተናገረውን፣ በእሷ ውስጥ «መረጃ ሰጪ አንድ» ተናግሮታል። ያውም ቃል በቃል፦ «የፊደሉን ጥላ በግራ በኩል የምንቀባው ፀሐይ የምትወጣበትን እያሰብን ነው። ጥላ የፊደል ትዝታ ነው፤ ፊደሉ ቢፋቅ እንኳ እሱ ይቀራል።» ይህችን ጥቅስ በየጉባኤው አንብቤያታለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ባስገባሁት ማመልከቻም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነች።

ደሜ ፈላ። ዝምተኛ መስላ ዓይኗን በጨው ታጥባ ትሰርቃለች? በዚያው ከሰዓት ክስ ጽፌ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አስገባሁ። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ጉዳዩ ሐሙስ ይታያል ተባለ። ጥፋቷ ከተረጋገጠ መመረቅ ቀርቶ ግቢውን ለቃ ትወጣለች።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«መምህር፣ ጥናትዎን አላነበብኩትም። ማንበብ ነበረብኝ፤ አፍሬያለሁ። ግን አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ እኔ የጻፍኩት አንቺ ወረቀት ላይ በእግሩ መጣ?»

ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ ከፈተችው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። ወዲያው አወቅኩት። ሰፈሩ «ጋሽ ብሩሽ» የሚለው ሽማግሌ ነው፤ የእኔው መረጃ ሰጪ ሦስት። ጥያቄዋን ሰማና ልክ ግጥም በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ መለሰላት፤ «ጥላ የፊደል ትዝታ ነው…»

ክው አልኩ። ልጅቷ አልሰረቀችም፤ ይህ ገባኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን እንደወለዳት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጋሽ ብሩሽ አይደለም። ምዕራፉ ደረቅ ሆኖብኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ራሴ ጻፍኳት፤ ከዚያ ትእምርተ ጥቅስ አጠለቅኩላትና ለእሱ ሰጠሁት። ሰውዬው ያኔ በእውነት ምን ብሎኝ እንደነበር ረስቼዋለሁ። አሁን እኔ የፈጠርኩት ቃል ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰማሁ። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሃፍረቴ ይልቅ የማወቅ ጉጉቴ ባሰ። እንዴት አድርጎ አፉ ገባ?

ያን ዕለት እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ስጨነቅ የምሄደው እዚያ ነው። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ የሰው ኮት እያሳጠረች አዳመጠችኝ። ስጨርስ መርፌዋን አወጣች።

«ለመሆኑ ሰውዬው ሲሠራ አይተኸዋል?»

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አነጋግሬዋለሁ። አርባ ሁለት ጥያቄ ነበረኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

አላየሁትም ነበር። ጥያቄዎቼ እንዳያልቁብኝ ፈርቼ ብሩሹን አስቀምጥና አናግረኝ ያልኩት እኔው ነኝ።

«እኔን አንዱ መጥቶ ክሩን ለምን እንዲህ ትቋጥሪያለሽ ቢለኝ የምመልሰው የለኝም» አለች። «ስቋጥር ቢያየኝ ግን ይገባዋል። አፌ ምን ያውቃል? የሚያውቀው እጄ ነው። እስኪ አሁን ያንን አምፖል ዞር አድርግልኝ፤ ጋረድከኝ።»

ረቡዕ ከጭምት ጋር ሄድን። ለምን እንደምንሄድ ጠየቀችኝ፤ «እኔም እንጃ» አልኳት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ከዓመታት ጠብታ የተነሳ ቀለሙ አይታወቅም፤ ቆርቆሮዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ብሩሽ አርጅቷል። አየኝና ሳቀ።

«አንተ ልጅ! ሸበትክ እኮ! ጥያቄ ይዘህ መጣህ?»

«የለም ጋሼ፣ ዛሬ አልጠይቅም። ሥራዎን ይቀጥሉ፤ እናያለን።»

ግራ ገባው። ሆኖም «ጫማ ጥገና» የሚል ታፔላ ጀምሮ ነበርና ወደሱ ዞረ። ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረ፣ በጣሳው አፍ ጠረገው፣ ከ«ጫ» በስተግራ አሳረፈው። ብሩሹን የያዘው በግራ እጁ ነው።

ጭምት ክንዴን ነካችኝ። እሷም አይታዋለች።

«ጋሼ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?» አልኩ፤ አልጠይቅም ያልኩት ሰውዬ።

«ከተወለድኩ ጀምሮ! ጥላውን በቀኝ ካደረግኩት መዳፌ ፊደሉ ላይ ያርፍና እርጥቡን ቀለም ይጠርግብኛል። በግራ ሲሆን እጄ ባዶው ላይ ነው።» ዞር ብሎ እያየን ሳቀ። «ያሠለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ ቀኝ እጃቸውን እያጣመሙ እኔን ይመስላሉ። ለምን ቢሏቸው ፀሐይ ነው ይላሉ!»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ጭምት።

«ልጄ፣ ስለ እጄ የጠየቀኝ ሰው የለማ። እሱ ለምን ብሎ ሲወተውተኝ እንጃ አልኩት። ኋላ መጽሐፉን በፊርማው አመጣልኝ፤ ትልቋ ልጄ አነበበችልኝ። አቤት ማማሩ! እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት ብዬ በኩራት አጠናሁት። ከዚያ ወዲህ ተማሪ በመጣ ቁጥር እሱኑ እላለሁ፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።»

ጥናታችን ሲያልቅ ለተጠያቂው አንድ ቅጂ መስጠት የሙያችን ወግ ነው። በጨዋነቴ ኮርቼ የሰጠሁት መጽሐፍ ነው እንግዲህ ልጅቷን ገደል አፋፍ ያቆማት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሆኖም የዚያን ሰው ግራ እጅ ማየት ማቆም አልቻልኩም። ጭምትም እንደዚያው። አምስት ፊደል ጽፎ እስኪጨርስ ከመቀመጫችን አልተነሳንም።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ የሕግ መምህርት ናቸው፤ የጭምትን የድምፅ ቅጂ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ሃያ ዓመት ምስክር ሰምቻለሁ። ሰው የራሱን ወሬ እንኳ ሁለቴ በአንድ ዓይነት ቃል አይናገርም። ይህ ሽማግሌ አንድ ቃል አልሳተም። ስለዚህ ተጠንቶ ነው። ቅጂው የሚያረጋግጠው ልጅቷ እንዳልሰረቀች አይደለም፤ ሰርቃ ሲያበቃ ሽማግሌውን እንዳስጠናች ነው።» ወደ ጭምት ዞሩ። «ማነው ያስጠናው?»

ጭምት ወደ እኔ አላየችም። ማየት ትችል ነበር፤ እውነቱን ታውቃለች፤ አብራኝ ነበረች። ጠረጴዛውን እያየች ዝም አለች። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት መጻፍ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ ያስጠናሁት» አልኩ።

ብዕሮቹ ቆሙ። ማታ ከመሳቢያ ፈልጌ ያወጣሁትን የድሮ ድምፅ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ወጣቱ እኔ፣ ችኩልና ሁሉን አወቅ፣ «ጥላው ለምን በግራ ሆነ?» ሲል ተሰማ። ጋሽ ብሩሽ፦ «እንጃ፤ እንዲሁ ልማድ ነው።» እኔ፦ «ምናልባት ከፀሐይ አወጣጥ ጋር ይያያዝ ይሆን?» እሱ፦ «ሊሆን ይችላል። አንተ ታውቃለህ፤ የተማርከው አንተ ነህ።»

«ጥቅሱ የእኔ ድርሰት ነው» አልኩ። «እሱ አላለውም። ጽፌ በስሙ አተምኩ፤ ቅጂውን ሰጠሁት፤ እሱም አጠናው። ይህች ልጅ የሰማችውን በታማኝነት ጻፈች። በሰው አፍ ቃል የጨመረው ከሳሿ ነው።»

ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «መምህር፣ ይህ ቃል በቃለ ጉባኤ እንደሚሰፍር ታውቃለህ? የዕድገት ማመልከቻህም ኮሚቴ ፊት ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

የጭምትን ፋይል ዘጉ። «አንቺ ነፃ ነሽ፤ ትመረቂያለሽ። መሄድ ትችያለሽ። መምህር፣ አንተ ቆይ።»

ጭምት ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ።

«ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ልጻፈው? አንድ ሳምንት ይበቃኛል።»

«ነፃ ነሽ ተባልሽ እኮ፤ ምን አስጨነቀሽ?» አሉ ሊቀመንበሯ።

«ስህተት ነዋ። ጥላው የፀሐይ አይደለም።» ወደ እኔ ዞረች። «ያቺን ዓረፍተ ነገርስ ምን ላድርጋት፣ መምህር?»

ቢቻለኝ ሰርዢያት እላት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ስወዳት ኖሬያለሁ፤ ውሸት ተብላ ከምትኖር ብትጠፋ ይሻለኝ ነበር።

«አትሰርዣት» አልኳት። «መምህሬ ፈጥሮ በሌላ ሰው ስም ያተማት ናት ብለሽ ጻፊ። ስሜን በሙሉ አስገቢው፤ ቁጥር አትስጪኝ።»

ማስታወሻዋን አወጣች፣ በሩን ተደግፋ ቆመች፣ የአባቴን ስም አጻጻፍ ጠየቀችኝ፤ እዚያው ፊቴ ጻፈችው።