ከጠርሙሱ ሥር ተዘቅዝቆ የቆመው ሰው

የእኔ ሥራ ነጸብራቅ መሥራት ነው። የአንድን ጠርሙስ ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ እከፍትና፣ ኮፒውን ገልብጬ ከሥሩ እለጥፈዋለሁ፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አደበዝዘዋለሁ። ያየ ሁሉ ጠርሙሱ የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ለአናናስ ጭማቂ የሠራሁትን የጎረቤት ድመት ስትልሰው አድራ፣ እስከ ማግስቱ ጢሟ ይጣፍጣት ነበር። ያላመነ ከተማችን ሳቩሳቩ ድረስ ይምጣና ድመቷን ይጠይቅ።

አቴዛ ግን አምናኝ አታውቅም። የእናቴ ወንድም ልጅ ናት፤ ስለዚህ እኔን መስደብ በወጋችን መብቷ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ መብቷን ሳትጠቀምበት አንድ ቀን አላሳለፈችም። ባሏ ታኒኤላ ከሞተ ወዲህ ግን ስድቡ ቀረ። የሐዘን ጥቁሯን ለብሳ ትመጣና በስሜ ጠርታ "እንደምን አደርክ፣ አፓኩኪ" ትለኛለች። እንዲህ ያለ ጨዋነት ያስፈራል።

በወጋችን ሐዘን የሚያበቃበት መቶኛው ሌሊት አምስት ቀን ሲቀረው የካሜራ ካርድ ይዛ መጣች። ውስጡ የምትሸጠው የኮኮናት ዘይት ጠርሙስ ፎቶ አለ፤ ታኒኤላ በሞተበት ሳምንት ያነሳው ነው።

"ለሆቴሉ ሱቅ ነው፣ ነጸብራቅ ሥራለት" አለችና ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። "የእሱስ ፎቶ የለህም? ጥቁሬን በማወልቅበት ቀን ምንጣፉ ላይ የማቆመው አንድ እንኳ የለኝም።"

የእሱ ፎቶ ማንም ጋ የለም። ታኒኤላ የመንደሩን ሠርግ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ ራሱ ከካሜራው ኋላ ቀረ።

"አገኝልሻለሁ" አልኳት። "ካጣሁም ሻርክ ሆድ ገብቼ አመጣዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ስድብ የለ፣ ሳቅ የለ።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ቤተ ክርስቲያን፣ የራግቢ ክለቡ፣ የዘመዶች ስልክ። ያገኘሁት አንድ የሠርግ ፎቶ ጥግ ላይ ክርኑን ብቻ ነው።

ተስፋ ስቆርጥ ወደ ጠርሙሱ ዞርኩ። ደንቡ መጀመሪያ ፎቶውን ከቆሻሻ አጽድቶ በኋላ መገልበጥ ነው። እኔ ትምህርቱን እዚያ ሳልደርስ ሳላቋርጥ አልቀረሁም፤ መጀመሪያ ገለበጥኩ፣ ከዚያ የላይኛውን ጠርሙስ አጸዳሁ። ከወገቡ በታች አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ የዝንብ ኩስ መስላኝ ጠረግኳት። ዋናው ፎቶ ላይ ሴቭ አደረግሁ፣ ካርዱንም ባዶ አደረግሁት።

አቴዛ መጥታ ተቀመጠች። ስለ ፎቶው አልጠየቀችም፤ ፊቴና ጠረጴዛው ላይ ያለው የክርኑ ፎቶ ነግረዋታል። ስክሪኑን ብዙ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ነጸብራቅ ነዋ።"

"እሱንማ አያለሁ። ይሄ ተዘቅዝቆ የቆመው ነው የምልህ።"

ጣቷ የታችኛው ጠርሙስ ላይ ነው። አጎላሁት፣ ገለበጥኩት። ፎቶውን ሲያነሳ ምስሉ ጠርሙሱ ላይ ያረፈ አንድ ትንሽ ሰው፤ ካሜራው አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሆዱ ላይ እምቢ ብሏል፣ አፉ በሳቅ ተከፍቶ የጎደለ ጥርሱ ይታያል።

"'ሆድህን ከዘይቴ አርቅልኝ' እያልኩት ነበር" አለች ቀስ ብላ። እጇን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ቆየች።

የጠረግኳት ነጥብ ማን እንደነበረች ያን ጊዜ ገባኝ።

"ሆን ብዬ ነው የተውኩልሽ" አልኳት።

የላይኛውን ንጹሕ ጠርሙስ አየች፣ የታችኛውን አየች፣ እኔን አየች።

"ከላይ ጠርገኸው ከታች ረስተኸው ነው! አንተ የበሰበሰ ሸርጣን! ባሌን ሁለተኛ ልትገድልብኝ ነበር?"

ዘጠና ስምንት ቀን የጠበቅኩት ስድብ ነው።

"ድገሚልኝ" አልኳት።

"የበሰበሰ! ውሸታም! ክርን ለቃሚ!" እያለቀሰች ትስቃለች።

መቶኛው ሌሊት ላይ ታኒኤላ እንደ ደበዘዘ በፎቶ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ግን አቴዛ አጠገቤ ተቀምጣ "ወደ ላይኛውም መልሰው። ከታች ብቻውን ምን ይሠራል?" ብላኝ መልሼዋለሁ።

በሳምንቱ የሆቴሉ ሰው ደወለ። "ጠርሙሱ ላይ ቆሻሻ አለ" አለኝ። አንድ ትልቅ ተረት ልቀድለት አፌን ስከፍት አቴዛ ስልኩን ነጠቀችኝ።

"ቆሻሻ አይደለም፣ ባሌ ነው" ብላው ዘጋችው።