የአምሐ ሐሞት

ሌላዋ ሴት ባሏ ሲታመም «ነፍሱን ማርልኝ» ብላ ትሳላለች። እኔ የብርጓል ግን ባሌ ከዳነልኝ በኋላ ነው አቦ ደጅ ሄጄ «ቁጣውን መልስልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ የተሳልሁት። ሳቁ፣ ሳቁ! መጀመሪያ ግን ስሙኝ።

ባሌ አምሐ ሹም አቦ ሰፈር የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። የእድራችንም ዳኛ ነው። ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ግን በሐሞቱ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ሲያይ፣ እጁን አውጥቶ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» የሚል እሱ ብቻ ነበር። ወዲያው እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያጠራቅማል። መቀሱን እያንኳኳ፣ ብቻውን እያጉረመረመ ሰንበትበት ይልና አንድ ቀን ይፈነዳል። እኔ በልቤ ኮራ እላለሁ፤ በአፌ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ልታስፈጀን ነው!» እለዋለሁ።

ያን ዓመት ያጠራቀመው ነገር የእድሩ ድንኳን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሸራ ውስጥ ተቀብሮ በገዛ እጁ ነው የሰፋው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ ለአብዮት በዓል ተውሶ ወሰደውና በዚያው ቀረ። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተተክሎ ለስኳርና ለጨው ጥላ ሆነ። የእድራችን አባል አገርነሽ ስታርፍ ለቀስተኛው በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ ራሱን እስኪስት ደረሰ። አምሐ ያን ቀን ከንፈሩን ነክሶ ዋለ።

«ከፋሲካ በኋላ ስብሰባ አለ፤ ያኔ እነግረዋለሁ» አለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ጾሙን ሙሉ በጎመንና በሽሮ የከረመ ሆድ ላይ፣ እህቴ ወለተ ሩፋኤል ከመሸንቲ የላከችው ቅቤ የዋኘበት የበግ ወጥ ወረደበት። «ጨምር እንጂ፣ በሞቴ!» እያልሁ ያጎረስሁት እኔው ነኝ። ከሰዓት በኋላ ቀኝ ጎኑን ይዞ እጥፍ አለ። ሕመሙ እስከ ትከሻው ወጣ፣ አስመለሰው፣ ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። ጋሪ ጠርቼ ሆስፒታል አደረስሁት።

ዶክተር አዘዘ የሚሉት ወጣት ሐኪም ከጎድኑ ሥር በጣቱ ጫን አድርጎ «አየር ይሳቡ» ሲለው፣ አምሐ ትንፋሹ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

«የሐሞት ከረጢትዎ ተቆጥቷል» አለ ዶክተሩ። «ድንጋይ አለበት። ለጊዜው ምግብ የለም። በግሉኮስና በመርፌ እናበርደዋለን፤ ከዚያ በኦፕራሲዮን ይወጣል። ካልወጣ ፈንድቶ ሊገድልዎት ይችላል።»

«ምኔ ነው የሚወጣ?»

«ሐሞትዎ» አለ ዶክተሩ፣ ለማሳጠር ብሎ። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን በያዘው!

«ሐሞቴ?» አምሐ ከነሕመሙ ብድግ ሊል ሞከረ። «ሐሞቴን አስወጥቼ፣ ሐሞተ ቢስ ሆኜ ደሞዝ ፊት ልቆም? አላደርገውም! ከነሐሞቴ ቅበሩኝ!»

ለመንሁት። አለቀስሁ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሐዋርያት መጥተው መከሩት፤ መስቀላቸውን ተሳለመና «አባቴ፣ እርስዎ አይግቡበት» አላቸው። ትኩሳቱ ደግሞ ከመርፌው ጋር ትግል ገጥሟል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ባሌ ዓይኔ እያየ ሊሞትብኝ ነው። በቃ፣ ቆሽቴ አረረ።

«ዶክተር፣ እሱን ተወውና የእኔን ቆሽት አውጣልኝ! በዚህ ሰውዬ አርሮ አልቋል!» አልሁ። ከዚያ ወደ አምሐ ዞርሁ። «እሺ፣ ሙት! ግን የት ሊለቀስልህ ነው? ድንኳኑ እንደሆነ ደሞዝ ዘንድ ነው። አንተ በጠራራ ፀሐይ ትለቀሳለህ፣ እሱ በአንተ ስፌት ጥላ ሥር ስኳር ይሸጣል። ደግ! ሙት!»

አምሐ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

«የት እፈርማለሁ?» አለ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቡት ደጅ ሣሩ ላይ ተቀምጬ የፈራሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። በደህና ወጣ፤ ተመስገን። ሽምብራ የሚያካክሉ ድንጋዮች በጠርሙስ አድርገው አሳዩኝ። ዶክተሩም ቅቤና ጮማ እንዳይቀምስ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ሲያስለው ቁስሉን በትራስ ደገፍ እንዲያደርግ፣ እየተነሣ ቀስ እያለ እንዲራመድ አዝዞ ወደ ቤት ሰደደን።

ቤት የገባው ሰውዬ ግን አምሐ አልነበረም።

አገሩ ሁሉ ፍስክ ሲበላ ቅቤ ያልነካው ቀጭን ሽሮ አቀረብሁለት። የድሮው አምሐ ቢሆን ትሪው ደጅ በተገኘ ነበር። ይኼኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በላ። የጎረቤት ፍየል ሱቁ ገብታ የደንበኛ ሱሪ ስታኝክ «ትብላ፣ ምስኪን ናት» አለ። ከከተማችን ሐይቅ ዳር ሳንሸራሽረው አንዱ እግሩን ረገጠውና ይቅርታ የጠየቀው የተረገጠው አምሐ ሆነ! «ምን ላድርግ የብርጓል፤ ሐሞት የለኝም እኮ» ይለኛል፣ ቁስሉን እየዳሰሰ።

ጭራሽ ጓድ ደሞዝ ሊጠይቀው ስኳር ይዞ መጣ። «ድንኳኑ እኛ ጋ በደህና ተቀምጧል፤ አሳብ አይግባህ» አለው።

«ይመቻችሁ» አለ አምሐ።

ይመቻችሁ! ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስሁ። ስንት ዓመት ሙሉ «አትጮህብኝ» ስል ኖሬ፣ አሁን ቤቱ ጭር ብሎ አስፈራኝ። አቦ ደጅ የሄድሁት ያን ለት ነው።

ስፌቱ የሚፈታበት ቀን ሆስፒታል ወሰድሁት። ዶክተሩ «ግሩም ነው፣ ድነዋል» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ምኑ ነው የዳነው? ልጄ፣ ያወጣኸውን ሐሞት መልስልኝ!»

ነገሩ ሲገባው ዶክተሩ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ የብርጓል፣ ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበታቸው በቦታው አለ። እኔ ያወጣሁት ማጠራቀሚያ ከረጢቱን ብቻ ነው። አሁን ሐሞታቸው ሳይጠራቀም በቀጥታ ይፈሳል።»

አምሐ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። እጁ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ሳይጠራቀም?»

«ሳይጠራቀም።»

«በቀጥታ?»

«በቀጥታ።»

ወጣ። ጋሪ አስቆመና «ቀበሌ!» አለ። ጋሪው ላይ ዘልዬ ባልሳፈር ጥሎኝ ሊሄድ ነበር።

የቀበሌው ሱቅ ፊት የስኳር ሰልፍ ተሰልፏል። ጓድ ደሞዝ ድንኳኑ ሥር ተቀምጧል፣ አጠገቡ መሣሪያ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል።

«ድንኳኔን!» አለ አምሐ።

«አንተ ገና በሽተኛ ነህ፤ ስብሰባ ላይ ታነሣዋለህ» አለ ደሞዝ።

«እስከ ስብሰባ የማቆይበት ከረጢት የለኝም! አውጥተውታል!» ብሎ ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳውን አሳየው። ሰልፉ ሳቀ። አምሐ ግን አልሳቀም። «እናትህ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የእድሩ አባል ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸውና ቀኑ ሲደርስ እሳቸውንም ፀሐይ ላይ ልናለቅስላቸው ነው?»

ሳቁ ቆመ። አብዮት ጠባቂው ጫማውን አየ። ደሞዝ ቀና ሳይል «ንቀሉለት» አለ።

ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተክለን አናፈስነው። አምሐ ሥሩ ተቀምጦ የተቀደደውን ሲፈልግ ሽሮውን አቀረብሁለት። አንዴ ጎረሰና ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ይህ ምንድን ነው? ሽሮ ነው ወይስ የእጅ ውኃ? ሰው ለባሉ እንዲህ ያለ ነገር ያቀርባል?» ብሎ ጮኸብኝ።

ደስታዬን አልቻልሁትም። እዚያው ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ ድምፄን ለቅቄ አለቀስሁ። ለካ ጎረቤት ድንኳን ተተክሎ አይቷል፣ አሁን ደግሞ ለቅሶዬን ሰማ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ አምሐ! ወይኔ የእኛ ሐሞተኛ!» እያሉ እየሮጡ ገቡ።

አምሐ ጉርሻውን እንደያዘ ከድንኳኑ ብቅ አለና «ገና ነኝ!» ብሎ አንባረቀባቸው።

የአቦን ጃንጥላ በማግስቱ አስገባሁ።