ከሁለት ጂቢ ያላነሰ

«አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት» አለች አምለሰት የስልኳን ሰዓት አቁማ። ቁጥሩን ከቀደሙት ሁለት ቁጥሮች ሥር ጻፈችው። ሦስት ጊዜ ሞክራለች፤ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ሰከንድ አልበለጠም። የለካችው ባለ ሦስት ፎቁ ቤት በስክሪኑ ላይ ግድግዳውንና መስኮቱን ለብሶ አንድ ዙር እስኪዞር የሚፈጀውን ጊዜ ነው።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ገመዱን ነቀለች። የጎኑን ክዳን ከፍታ ሥዕል የሚያሠራውን የመጀመሪያውን የግራፊክስ ካርድ አወጣችና ሁለተኛውን ሰካች። በመስኮቱ በኩል የሰኔ ደመና እየጠቆረ ነበር።

«መብራት ሳይሄድ ቢያፈጥኑት ጥሩ ነው፣ መምህርት» አለ እጅጉ። ከቡሬ የመጣ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ሲመጣ በመንገድ የረጠበ ጃኬቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በተማሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጧል። አሁን የተሰካው ካርድ የእሱ ነው።

«ከፈጠንኩ እሳሳታለሁ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

አንድ ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሰከንድ። ደገመችው፤ ያው ነው። ሠለሰችው፤ በአንድ ሰከንድ ብቻ ተለየ። ስድስተኛውን ቁጥር ጽፋ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

አምለሰት በፍኖተ ሰላም በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ ታስተምራለች። ለቤተ ሙከራው የሚገዙትን የአሥራ ሁለት ካርዶች ስፔስፊኬሽን፣ ማለትም ዕቃው ምን ማሟላት እንዳለበት የሚገልጸውን ዝርዝር፣ የጻፈችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት መስመር ነበረው፦ የሜሞሪው መጠን በጊጋባይት (ጂቢ)፣ የሜሞሪው ዓይነት፣ መረጃ የሚተላለፍበት መንገድ ስፋት። የግዢ ኃላፊው ገብረሰንበት ያን ጊዜ ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ይቺ ጂ.ዲ.ዲ.አር. አምስት የፋብሪካ ስም አይደለችም? ስም ጠርታችሁ ለአንዱ ነጋዴ አደላችሁ ይለናል ኦዲተር። የሜሞሪውን መጠን ብቻ ተይልኝ» ብሏት ነበር። የፈጣን ሜሞሪ ዓይነት ነው እንጂ የፋብሪካ ስም አልነበረም። ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ክፍል የምትገባበት ሰዓት ስለደረሰ ግን ማስመሪያ አንስታ ሁለቱን መስመሮች ሰረዘቻቸው። የቀረው «ሜሞሪው ከሁለት ጂቢ ያላነሰ» የሚለው ብቻ ሆነ።

የባሕር ዳሩ ነጋዴ ታከለ ሁለት ጂቢ ያለው ካርድ አቀረበ፤ ሜሞሪው ብዙ፣ ግን ቀርፋፋ፣ መንገዱም ጠባብ፣ ባለ ስድሳ አራት ቢት። እጅጉ ያቀረበው አንድ ጂቢ ብቻ ነው፤ ሜሞሪው ግን ፈጣን፣ መንገዱም እጥፍ ሰፊ። በወረቀቱ መሠረት ያለፈው ታከለ ነው፤ አምለሰት ግን ከውሉ በፊት የሁለቱንም ናሙና ልትለካ ፈለገች።

«እኔማ ወረቀታችሁን ሳነብ ገርሞኝ ነበር» አለ እጅጉ። «ጎተራው ይስፋ ይላል እንጂ ስለ በሩ አልተጻፈበትም። ቡሬ ላይ እህል ሲጫን የሚያስመሸን የመጋዘኑ ጥበት መሰለዎት? በሩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርከንም?»

«ነጋዴ የገዢን ወረቀት ሲያርም አይተው ያውቃሉ? ለራሱ ሊያመቻች ነው ይባላል።»

በሩ ተከፈተና ገብረሰንበት ገባ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። ዝናብ ቢመጣ ፋይሉ እንዳይረጥብ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦታል።

«እህ፣ ማን ቀደመ?»

«ሥራው ላይ የሚቀድመው የእጅጉ ነው፣ ጋሼ። በጣም ይቀድማል።»

ገብረሰንበት ወደ ተማሪዎቹ ወንበር ዞረ። «አንተ ልጅ» አለው እጅጉን፣ «እስቲ ዝናቡ ሊያባራ እንደሆነ ወጣ ብለህ እይልን።»

«ገና አልጀመረም እኮ» አለ እጅጉ ፈገግ ብሎ፤ ግን ወጣ።

ገብረሰንበት ፋይሉን ከፈተ። «ዛሬ ሰኔ ሃያ ስምንት ነው። ሠላሳ ላይ በጀቱ ይዘጋል፤ ያልገዛንበት ብር ተመላሽ ነው። የስፔስፊኬሽኑን ሁለተኛ ገጽ ብቻ እንደገና ላስጽፋት፤ ከአንድ ጂቢ ያላነሰ ትባል። ማኅተም የለባትም።»

«አቶ ታከለ ዘንድ ቅጂው አለ።»

«እንግዲያ የታከለን ፈርሚና እንገላገል። ያለ ካርድ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል አላልሽም? አራት መሆኑ ምን አነሰው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

አምለሰት ወረቀቱን ገልብጣ ማስላት ጀመረች። የብቃት ምዘናው አራት ሰዓት ነው። ተመዛኙ ሥዕሉን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ያዞረዋል። ያለ ካርድ ሦስቱ ሰዓት በመጠበቅ ያልቃል። በታከለ ካርድ ሰማንያ አራት ደቂቃ፣ በእጅጉ ሠላሳ።

«ሃምሳ አራት ደቂቃ» አለች።

«ምኑ?»

«ልዩነቱ። ጎበዝ ተማሪ በዚህ ጊዜ አንድ የፎቅ መወጣጫ ደረጃ ይስላል። አምና ተማሪዬን ንግሥቴን የጣላት ደረጃው ነው። ስክሪኑ ደርቆባት ሳትጨርሰው ሰዓቱ አልቆ እጅሽን አንሺ ተባለች። ዘንድሮ ደግማ ልትመዘን ተመዝግባለች።»

ገብረሰንበት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ያን መስመር ያስወጣሁት እኔ መሆኔን ረስቼው አይደለም።»

«እርስዎ ጠየቁኝ እንጂ አልሰረዙም። ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ስፔስፊኬሽኑ ስህተት ነበረበት ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ለሁለቱም እኩል ይነገርና እስከ ነገ ስምንት ሰዓት አዲስ ዋጋ ያመጣሉ። ግን ታከለ ፖስታው ሲከፈት እዚሁ ተቀምጦ ነበር፤ ማለፉን ያውቃል። አቤት ካለ ነገሩ ሐምሌ ይገባል። ያን ጊዜ ብሩም የለ፣ ካርዱም የለ። ስህተቱን በፊርማሽ ያመንሽው አንቺ ግን አለሽ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምዘና ነው። ታከለ እምቢ ካለ ያ አራት ደቂቃም ይቀራል፤ ተማሪዎቹ በዘጠኙ ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ለዚያም ምክንያቷ እሷ ትሆናለች። ቁጥሮቹን እንደገና ደመረቻቸው። አልተለወጡም።

ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«እጅጉ፣ ግባ። የምትሰማው ነገር አለ።»

ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አኑራ የታከለን ቁጥር ደወለች፤ ድምፁም ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች።

«ኧረ ደብዳቤ ይቅደም» አለ ገብረሰንበት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደብዳቤው ዛሬውኑ ይከተላል። ግን አንዱ ከሌላው ቀድሞ እንዲሰማ አልፈልግም።»

«አዲስ ዋጋ ልትጠይቁ ነው?» አለ እጅጉ፤ ፈገግታው ጠፍቷል። «ታከለ እኮ ይህንኑ ካርድ ከእኔ ባነሰ ዋጋ ሊያመጣው ይችላል፣ መምህርት።»

«ይችላል» አለች።

ስልኩ ተነሣ። «አቤት፣ መምህርት» አለ የታከለ ድምፅ። «ለውሉ መቼ ልምጣ?»

«ከውሉ በፊት የምነግርዎ አለኝ፣ አቶ ታከለ። ሌላው ተወዳዳሪም እዚህ ሆኖ እየሰማ ነው። ስፔስፊኬሽኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።»

ገብረሰንበት የፋይሉን ክር መልሶ አሰረ።

«ይሰሙኛል?» አለች።

«እየሰማሁ ነው» አለ ታከለ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል።

አምለሰት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ከእሱ ካርድ ጀምራ፣ ስድስቱንም ቁጥሮች ማንበብ ጀመረች።