ሥዕል ላይ የታሰረ ማተብ

እኔ ሐምዛ ደንጋጣ ሰው ነኝ። በር ሲንኳኳ ደህና ነገር መጣ ብዬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሕፃናትን ኮላና መቀስ አስይዞ መዋል አልነበረበትም፤ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ሆነ። ማራኪ ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል አስተምራለሁ።

ቀለም ብቻ አንጠቀምም። ካርቶን፣ ምስር፣ ኑግ፣ የተፈጨ ከሰል፣ ከልብስ ሰፊ የለመንኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የተገኘው ሁሉ ይለጠፋል። ልጆቹ ከቤታቸው የሚያመጡት ትንሽ ክር ነው። ያን ቀን «የምትወዱትን ሰው ሥሩ፤ ምንም እንዳይጎድለው» አልኳቸው። አንዱ ለአጎቱ የሽምብራ ጥርስ ደረደረለት። አንዷ እናቷን በምስር አወፍራ አወፍራ ከካርቶኑ ልታስወጣት ደረሰች። ክፍሉ እህል በረንዳ መሰለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወዲያና ወዲህ እል ነበር።

ሥራቸውን ስሰበስብ ፋሲካ ጋ ደረስኩ። የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ የሠራችው እኔን ነበር። ፀጉሬ ኑግ፣ ዓይኔ ባቄላ፣ ጆሮ የሚባል የለኝም። አንገቴ ላይ ግን ጥቁር ክር ዞሮ ተለጥፏል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች። ቀና ብዬ የልጅቷን አንገት አየሁ። ባዶ ነው።

ማተቧን ቆርጣዋለች። ክርስትና ስትነሣ የታሰረላትን ማተብ፣ እኔ በሰጠኋት መቀስ!

እኔ ሙስሊም ነኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ክፉ ደጉን አብረን አሳልፈናል፤ ግን «ሙስሊሙ አስተማሪ የልጅቷን ማተብ አስቆረጠ» የሚል ወሬ ከማራኪ ፒያሳ ለመድረስ ሚኒባስ አይጠብቅም። ፋሲካን ያስወጧታል፣ ሌሎቹ ወላጆችም ይከተላሉ፣ እኔም ዳግመኛ ሕፃን አጠገብ አልደርስም።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ እንኳየሁ ሥዕሉን ሲያዩ አማተቡ።

«ዝም በል» አሉኝ። «አሁኑኑ ክር ገዝቼ አስርላታለሁ፤ ማንም አይሰማም።»

ሐሳቡ ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። ግን ልጅቷ አፍ አላት። ደብቄ ከተገኘሁ ደግሞ ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ እስኪያድር የምታገሥበት አንጀት አልነበረኝም። «አይሆንም እትዬ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

የፈራሁት አባቷን ነበር፤ ልጅቷን ሊወስድ የመጣብኝ ግን ቄስ! አያቷ ቄስ መለሰ ለዓይናቸው ሕክምና ከድብ ባሕር መጥተው ልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። ነጩን ጥምጥም በር ላይ ሳየው ሥዕሉን አንሥቼ ወደሳቸው ሄድኩ።

«አባ፣ ጉድ ሆኛለሁ» ብዬ ጀመርኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መቀሱን የሰጠሁ እኔ እንደሆንኩ፣ ስትቆርጥ እንዳላየሁ፣ ሙስሊም መሆኔንም ጭምር። ቄስ መለሰ ሥዕሉን ተቀብለው ደህናው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፤ መስቀሏን በጣታቸው ዳሰሷት። ምነው በተቆጡ አልኩ በልቤ።

«ፋሲካ፣ ይኸን ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«ምነው?»

«ቲቸር ምንም እንዳይጎድለው አለ። እሱ አንገቱ ላይ የለውም እኮ፣ አያ! ክር ደግሞ ረስቼ መጣሁ።»

«ማተብ ይቆረጣል እንዴ?»

«ለሱ ነው እኮ! ለእኔ አንተ ሌላ ታስርልኛለህ።»

ቄስ መለሰ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ስቀው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። የሕፃን ወንበር ስለነበር ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ።

«ተነሥ ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ። «ሸጋ ነገር ነው የሠራች። ማታ ሌላ አስርላታለሁ።»

«ይኼኛውስ አባ? ልላጥልዎት?»

ቄሱ መስቀሏን ራሳቸው በጥፍራቸው ቀስ ብለው አላቀቁና ተሳልመው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት። «መስቀሉ ከእኔ ጋር ይሂድ፤ በየሜዳው አይወድቅም። ክሩ ይቆይልህ፣ ልጅቱ እንዳትከፋ። መቀስህን ግን ጠብቅ! ነገ የበግ ጠጉር ጠፋ ብላ ጢሜን ትሸልተዋለች።»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ሳቁ ከልቅሶ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ፤ አላፈርኩም። ወይዘሮ እንኳየሁም በሩ ጀርባ ቆመው ሲያዳምጡ ነበርና «ተመስገን!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሽማግሌውና ልጅቷ እጅ ለእጅ ተያይዘው ግቢውን ተሻገሩ። የውጪው በር ጋ ሲደርሱ ቄስ መለሰ ዞር አሉ።

«መምህር! ለነገ ምን ይዛ ትምጣ?»

«ምንም!» ብዬ ጮህኩ። «ምንም እንዳትይዝ አባ! እሷ ብቻ ትምጣልኝ!»