የእሷ አየር

ሰፈሩ "ሙጫው" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ አናጢው ነው። አንድ ቀን ሰውዬው ስታርች ሲያማስል ውሎ እጁን ሳይታጠብ ሰላም ቢለው መዳፋቸው ተጣብቆ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው የለም። ስሙ ግን የተስማማው ለሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ከቤቱ የማይነቀል ሰው ነበር። ሚስቱ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ "አብረን እንሂድ" ብላ ብትለምነው፣ "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። እሷም ሻንጣዋን አንሥታ ሄደች። ጀግናው ባሏም ቤቱን ታቅፎ ቀረ።

ሥራው ከስታርች ላስቲክ መሥራት ነው። የበቆሎ ስታርች በውሃ ይበጠብጣል፣ ኮምጣጤ ጠብ ያደርግበታል፣ ሰው እጁን የሚቀባውን ግሊሰሪን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ነጩ ውሃ ጠርቶ እስኪወፍር ድረስ እሳት ላይ ያማስለዋል። በመስታወት ላይ አፍስሶ በስሱ ይዘረጋዋል፤ ሲደርቅ ይልጠዋል። ግሊሰሪን ካልገባበት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮታኮታል። ሲገባበት ግን ይለሰልሳል፣ ይተጣጠፋል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል፤ ሲጣልም አፈር ይበላዋል።

ሥራውን የጀመሩት አብረው ነበር። እሱ ያማስላል፣ እሷ ትልጣለች። ጥግ ላይ ጥፍሯን አስገብታ ጫፉን ስታነሣው ሙሉው ላስቲክ አንድም ቦታ ሳይቀደድ ተከትሏት ይመጣል። እሷ ከሄደች ወዲህ ጥጉ ሳይቀደድ የተላጠ ላስቲክ የለም። አንዱ በተቀደደ ቁጥር ትናፍቀዋለች። በቀን ስንቴ እንደሚቀደድበት ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ አናጢው ሲጠይቀው "መስታወቱ ነው" ይላል።

እሷ የምትሠራው አበባ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ደወለችና፣ "አሠሪዬ አበባ የምትጠቀልልበት ላስቲክ አስመርሯታል፤ ደንበኞቿ 'ይሄ የማይበሰብስ ነገር ይቅርብን' ይሏታል። እስቲ ያንተን ላክልኝና ላሳያት" አለችው።

ሙጫው ልቡ ዘለለች። ሴትዮዋ ከወደደችው ገበያ ተገኘ ማለት ነው። ገበያ ከተገኘ ሥራው ሁለት ሰው ይመግባል።

"ከወደደችው ትመለሻለሽ?" አላት።

"ቤቱ ሁለታችንን ከቻለ እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?"

ከሠራው ሁሉ ምርጡን ለይቶ እንደ ልብስ አጣጥፎ ላከላት። ተሰባብሮ ደረሰ። "አንገላተውት ነው!" ብሎ መልእክት አመላላሾቹን እስከ ሰባት ቤታቸው ረገመና ሌላ በጠንካራ ካርቶን ላከ። ይኼኛው በደህና ገባ። ሚስቱ በኩራት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ አበባውን አስተኛችበት፣ ልትጠቀልልበት ጫፉን ስታጥፈው አሠሪዋ ፊት ቀጭ አለ።

"ሴትዮዋ ሳቀች" አለችው በስልክ። "እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።"

ሙጫው ክው አለ። እሱ ቤት እኮ እንደ ሐር ነበር! ከዚያው ላስቲክ የቀረውን አንሥቶ አጠፈው፣ ጨመደደው፤ ምንም አልሆነም። ግራ ገብቶት ሻይ ሊያፈላ ጨው ከስኳር ሳይለይ እጁን ዕቃው ውስጥ ሲከት፣ ጨው እንደ ወትሮው ረጥቦ ተጓጉሎ ነበር። ቀና ሲል ግድግዳው ሻጋታ አውጥቷል። ያኔ ገባው። ግሊሰሪኑ ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው፤ እዚህ አየሩ ራሱ ይጨመቃል፣ እዚያ ግን ላስቲኩ የሚጠጣው እርጥበት የለም። የግሊሰሪኑን ልክ ያወጣው በራሱ ቤት አየር ነበር። እሷ የምትተነፍሰውን አየር አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። ይሄ አንጀቱን በላው።

"ልብስ አጥበሽ ስታሰጪ ምን ያህል ይቆያል?" ብሎ ደወለላት።

"ምን ነካህ? ናፈቅሽኝ ሊለኝ ነው ስል ስለ ልብስ ትጠይቀኛለህ?"

"ንገሪኝ እንጂ።"

"ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ይደርቃል። ከንፈሬም እንደዚያው ነው።"

አናጢውን የእንጨት ሳጥን አሠራው፤ ውስጡም አየሩን የሚያደርቅ አምፖል አስገባ። እሷ ረስታው የሄደችውን መሐረብ እያረጠበ ሳጥኑ ውስጥ እየሰቀለ፣ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። ብዙ ሻይ ጠጣ። አንድ ቀን ብርጭቆው ሳያልቅ መሐረቡ ደርቆ አገኘው።

አናጢው "ሙጫው ሚስቱን ሳጥን ውስጥ ሊቆልፍ ነው" እያለ ለሰፈሩ አወራ። ሙጫው አልተቆጣም። ሰው በሌለበት እጁን እስከ ክርኑ ሳጥኑ ውስጥ ይከትና ቆዳው እስኪሻክር ያቆየዋል። የእሷ አየር ይኸው ነው ይላል በሆዱ። በየቀኑም ይደውልላት ጀመር። አየሩን ይጠይቃታል፤ ከአየሩ ወደ አንገቷ ሕመም፣ ከአንገቷ ወደ ኪራይ ቤቷ መስኮት ያልፋሉ። አብረው ሲኖሩ እንኳ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።

ግሊሰሪኑን ጨመረ፤ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ሞከረ፤ አሁንም ጨመረ። በመጨረሻ የወጣው ላስቲክ እሱ ቤት ሲሆን የሚያስጠላ ነገር ሆነ፤ ይወዛል፣ ይጣበቃል። አናጢው በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና "ይሄማ ንፍጥ ነው" አለ። ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ግን ልስልስ ብሎ ይታጠፋል። ሙጫው የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ጥጉን አነሣው። ሙሉው ሳይቀደድ መጣ። የሚያሳየው ሰው ስላጣ ሆዱ ባሰው። በመሐሉ ወረቀት እያደረገ ጠቀለለና ላከ።

"ይታጠፋል!" አለች ሚስቱ ገና ስልኩን እንዳነሣው። "አሥሬ አጠፍኩት! ሴትዮዋ በየሳምንቱ ልውሰድ አለች፤ ጎረቤት ሱቆችም ጠይቀዋል!"

"በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ!"

ከወዲያ በኩል አበባ የምትከረክምበት መቀስ መቁረጡን አቆመ።

"ምነው?"

"እኔ ከመጣሁ ማን እየዞረ ያስረክባል?" አለች ቀስ ብላ። "ማንስ ይሸጠዋል? ለዚህ አየር የተሠራ ላስቲክ እኮ ነው። እዚያማ ማን ይነካዋል?"

ሙጫው ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ቁራጭ አየ። ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። እሷን ለማምጣት ሲለፋ፣ እሷ ካለችበት በቀር የትም የማይሆን ነገር ሠርቶ አረፈው። ያ የድሮው የቃሬዛ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሊናገረው አፉን ከፍቶ ተወው። ነጻ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

"አየሩ ዛሬ እንዴት ነው?" አላት።

"ያው ደረቅ ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?"

"ለእኔስ ይስማማኛል?"

መቀስ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማ፤ ከዚያ ትንፋሿን።

"ውሃ ብዙ ትጠጣለህ" አለች። "ለእጅህ ደግሞ ግሊሰሪን እገዛልሃለሁ።"

ሙጫው እጁን ከሳጥኑ አወጣና አምፖሉን አጠፋው።