ከሾፌሯ ጎን

ሾፌሯ ከፋብሪካ ወደ ዳቦ ቤቶች ዱቄት ማመላለስ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሥራ መንዳት የሚባለው ግማሹ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ዳቦ ቤት መኪና በማያስገባ ቅያስ ውስጥ ካልሆነ አይከፈትም የሚል መመሪያ የወጣ ይመስል። ማታ ቤቷ የምትገባው እስከ ቅንድቧ ነጭ ሆና ነው። ልብስ ሰፊው ባሏ ሁልጊዜ "ዛሬም አርጅተሽ መጣሽ" ይላታል፤ ቀልዱ ከእሱ በቀር ሁሉንም ሰው ከሰለቸ ቆይቷል።

ሰኞ ዕለት የስምሪት ኃላፊው ቢሮው ጠራትና አዲስ ተሳቢ መኪና መግባቱን ነገራት። እስከ ወደብ የሚመላለስ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ አልጋ ሳይቀር አለው።

"ላንቺ ነው ያሰብኩት" አላት። "ደርሶ መልሱ ሁለት ሳምንት ነው፤ አበሉም ደህና ነው። ረዳትሽን ራስሽ ትመርጫለሽ። እስከ ዓርብ አሳውቂኝ፤ ካልፈለግሽ ለቄንጠኛው እሰጠዋለሁ።"

ቄንጠኛው መስታወት ባየ ቁጥር ጸጉሩን የሚያበጥር ባልደረባዋ ነው። መኪና ላይ ስንት መስታወት እንዳለ እንግዲህ አስቡት።

ሾፌሯ ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ያለመችው ሰፊ መንገድና ትልቅ መሪ እንጂ "ትንሽ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ቀኝ" እያለ በሊጥ እጁ የሚያወናብዳት ጋጋሪ አልነበረም። ግን ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለቻት፤ እናቷ ጫማዋን ሳታወልቅ የዋለችውን ሁሉ ካልተረከችላት እንቅልፍ አይወስዳትም። ሁለት ሳምንት መንገድ፣ ጥቂት ቀን ቤት፣ ደግሞ ሁለት ሳምንት መንገድ። ይህ ኑሮ ለልጅ ምን ምን እንደሚል ሾፌሯ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነበሩና።

አባቷን የሰፈሩ ሰው "ጥሩንባ" ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር በላይ ሲጮኹ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ድምፅ መቀነሻው ጠፋባቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው። ሾፌሯ ልጅ ሳለች እሳቸው በወር አንዴ ብቅ ይሉና ከረሜላ አድለው፣ ተኝተው፣ ተነስተው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን መኪናቸው ደጅ ሲቆም አይታ ሮጣ ገብታ "እማዬ፣ ያ ሰውዬ መጣ" ብላለች ይባላል። ቤተሰቡ ይህን እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቃል። ጥሩንባም አብረው ይስቃሉ፤ ሳቃቸውን ቀድመው የሚያቆሙት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ማታ ከራት በኋላ ነገሩን አወራችላቸው። ቁልፍ ይተክል የነበረው ባሏ ከመርፌው ቀና ብሎ "አንቺ ደስ ያለሽን" አለ። ደግ ሰው ነው፤ ምክር ሲጠየቅ ግን ውሃ አምጣ ሲሉት ባዶ ብርጭቆ እንደሚያመጣ ሰው ነው። ልጅቷ የመኪናው አልጋ መሰላል እንዳለው ጠየቀች። ጥሩንባ ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

"ይኼ ምኑ ያማክራል?" አሉ። "ተሳቢ እኮ ነው የተባለው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ሲንፏቀቅ ይኖራል?"

"ልጅቷስ አባባ?"

"ልጅቷ አባት አላት። ሁለት ሳምንት ደግሞ ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ተመልሰሻል።"

አባት የተባለው ሰውዬ ይህን ሲሰማ በመርፌው ጣቱን ወጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅስቀሳ ለምርጫ ከሚወዳደር ሰው የባሰ ነበር። ማክሰኞ ማታ ስለ ገጠር ንጹሕ አየር አስረዱ። ረቡዕ የልጃቸውን ወገብ ሕመም አነሱ፤ ወገቧን የጎዳው ወደ ኋላ መዞር ነው፣ ተሳቢ ግን ወደ ፊት ብቻ ነው አሉ። ተሳቢም ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ያውም ሾፌሩን እያስለቀሰ እንደሚሄድ፣ ጠፍቷቸው አይደለም። ማታ ደግሞ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እናቷ ከወደብ ስለምታመጣላት አሻንጉሊት ሹክ ሲሏት ተያዙ። ሹክታቸው እስከ ጎረቤት ይሰማ ስለነበር መያዙ አላስቸገረም።

ሾፌሯ ሳቀች፤ ግን ከፍቷታል። "እኚህ ሰውዬ" አለች በልቧ፣ "ዛሬም ከቤት መውጣት ነው የሚታያቸው። መንገዱ አልወጣላቸው ብሎ በእኔ ሊወጡት ነው።"

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ተሳቢውን ልታይ ጋራዥ ስትሄድ "እኔም አያለሁ" ብለው ተከተሏት። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ጫማቸውን አስጠርገዋል። ሾፌሯ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ መሪው ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ወጥታ ተቀመጠች። እሳቸውም በሌላው በር ዞሩ፤ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው እየደገፉ፣ አልታገዝም እያሉ፣ እያቃሰቱ ወጡ።

"መሪው ጋ ይምጡ እንጂ፣ ልልቀቅልዎት" አለቻቸው።

"የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል።"

ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡት፣ ወደ ኋላ ገፉት፣ መደገፊያውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ሾፌሯ ዞረው ተቀመጡ። በዚህ መሃል የጋራዡ ዘበኛ ብቅ አለ።

"በሰላም ያስገባችሁ" አላት። "አባትሽ ማክሰኞ መጥተው ረዳትሽ እሳቸው መሆናቸውን ነግረውኛል። በዚህ ዕድሜ ይኼን ወኔ ከየት እንዳመጡት እንጃ።"

ሾፌሯ ወደ አባቷ ዞረች። ጥሩንባ የመስታወቱን ንጽሕና ይመረምሩ ጀመር።

"ረዳት?"

"ምን አለበት? ቁልቁለት ላይ ልምድ ያለው ሰው ያስፈልግሻል።"

"ጎማ ሲተነፍስ ማን ሊፈታ ነው? እዚህ የወጡት እኮ በስንት መከራ ነው።"

"ጎማውን አንቺ ትፈቻለሽ፤ እኔ አመራር እሰጣለሁ።"

ሳትወድ ሳቀች። ዘበኛው ሄደ። ሳቋ ሲያልቅ ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገረችው ነገር አፏ ላይ መጣ።

"አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መኪናውን እፈልገዋለሁ፤ ሲያዩኝ ያስታውቃል። ግን ከረሜላ ይዛ የምትመጣ እንግዳ መሆን አልፈልግም። ልጄ ያቺ ሴትዮ መጣች እንድትል አልፈልግም።"

ከአፏ ሲወጣ ጸጸታት። ጥሩንባ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሰው ይደነግጣል፤ ሬዲዮ ድንገት ሲጠፋ መብራት ሄደ እንዴ እንደሚባለው ነው።

"ልክ ነሽ፤ አትሂጂ" አሉ በመጨረሻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃ ድምፅ። "ልክ እንዳልሆነ እኔም አላጣሁትም።"

"ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡኝ ለምንድን ነው?"

"መንገድ የናፈቀኝ መስሎሽ ነው? መንገድስ አንገፍግፎኛል።" ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ጠዋት ሳልነሳ ትወጫለሽ። ማታ ስትገቢ ልጅሽ አለች፣ ባልሽ አለ፣ ድካም አለ። ለእኔ ተራ አይደርሰኝም። አይድረሰኝ፤ ያኔ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን ጋቢና ውስጥ ሁለት ሳምንት ጎንሽ ብቀመጥ የትም አትሄጂብኝም ብዬ ነው። አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አብሬሽ ውዬ አላውቅም እኮ፣ ልጄ።"

ሾፌሯ መሪውን ይዛ ወደ ፊት አየች። ዱቄት ዓይኔ ገባ እንዳትል የዚያን ቀን ታጥባ ነው የወጣችው።

ዓርብ ጠዋት ለኃላፊው "ከተማው ይሻለኛል" አለችው። ቁልፉ ለቄንጠኛው ተሰጠ፤ እሱም ከመሪው በፊት መስታወቶቹን አዳረሰ። ተሳቢው በበሩ ሲወጣ ሾፌሯ የዱቄቱ መኪና አጠገብ ቆማ አየችው። ቆጫት። አልቆጫትም የሚል ሰው ካለ ይዋሻል።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ የአባቷን በር አንኳኳች።

"አባባ፣ ይነሱ። የዱቄቱም መኪና ከሾፌሩ ጎን ወንበር አለው።"

"ዱቄት?" አሉ ከብርድ ልብስ ውስጥ። "እኔን የተሳቢውን ሰው? ከዳቦ ቤት ዳቦ ቤት?"

"ካልፈለጉ ልሂድ።"

አፏን ሳትዘጋ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። ፒጃማቸውን ግን አልቀየሩም፤ ተመልሰው ገቡ።

እስከ ሁለተኛው ዳቦ ቤት ድረስ ፍሬን አያያዟን፣ ማርሽ አቀያየሯን፣ አዟዟሯን ሁሉ አረሙ። በሦስተኛው ላይ ወርደው "ግራ ግራ" ከሚለው ጋጋሪ ጋር ተጣሉ። ሲመለሱ ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል፤ ቀድሞም ነጭ ስለነበር ለውጡን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ከአራተኛው በፊት አንድ አውቶብስ መሃል መንገድ ላይ ተበላሽቶ መንገዱ ጥርቅም አለ። ሾፌሯ ሞተሩን አጠፋች።

ጥሩንባ እንደ ልማዳቸው ሊሳደቡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

"ትምህርት ቤት ስትገቢ" አሉ፣ "የመጀመሪያው ቀን፣ ማን ነው የወሰደሽ?"

ነገረቻቸው። እናቷ እንደወሰዷት፣ እሷ በር ላይ እንዳለቀሰች፣ አንድ ጫማዋን ጥላ እንደገባች ነገረቻቸው። "ከዚያስ?" አሉ። ከዛፍ ወድቃ እጇ የተሰበረ ጊዜ ስንት ቀን እንዳልተኛች ነገረቻቸው።

"የትኛው እጅሽ?"

እጅጌዋን ሰበሰበችና ቀኝ ክርኗን አሳየቻቸው። ጥሩንባ በሁለት እጃቸው ያዙት። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ፣ ዳሰስ አደረጉና "አመመሽ?" አሉ፣ ዛሬ የወደቀች ይመስል።

"ያኔ አዎ" አለች።

ከፊት ሰዎች ተጋግዘው አውቶብሱን ወደ ዳር ገፉት። ትራፊኩ እለፉ ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን አቀለጡት። ሾፌሯ ሞተሩን አስነሳች፤ ማርሽ ለማስገባት ግን ቀኝ እጇ አስፈለጋት።

ጥሩንባ ክርኗን አልለቀቁም። መንገዱን አዩት፣ እሷን አዩ።

"ምነው" አሉ ቅር ብሏቸው፣ "ቶሎ ተከፈተ?"