ድፍኑ ግድግዳ

ከውጭ ሲለኩት የሚሰፋ ቤት ከውስጥ ሲለኩት ለምን ይጠባል?

አዜብ መልሱን አላገኘችውም። ከጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ማዶ፣ ገብስ ማሳ ዳር የቆመውን የእማሆይ ወለተ ሥላሴን የድንጋይ ቤት ስትለካ ሰነበተች፤ ፕላኑ ግን አልገጥም አላት። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ይፈርሳል፤ ለመመዝገብ ደግሞ ትክክለኛ ፕላን ያስፈልጋል። ማንም አልጠየቃትም። በሕፃንነቷ ከጋይንት ወጥታ ሆላንድ የተማረች ልጅ ለአገሯ አንድ ነገር እንኳ ትሥራ ብላ ራሷ ነች የገባችበት።

የተማረችበት አገር ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የዚህኛው ሆዱ ተነፍቷል፣ ማዕዘኑ ይሸሻል፣ የጭቃ ምርጊቱ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቧል። ስለዚህ በመጀመሪያ የጠረጠረችው የገዛ እጇን ነበር።

«ዛሬም ልትለኪው?» አሉ እማሆይ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ካለው መደብ ሳይነሡ። «አድሮ የሚያድግ መስሎሽ ነው?»

«እስቲ ትንሽ ይነሡልኝ እማሆይ፣ ከጀርባዎ ልለካ።»

«ኧረ ወገቤን! እኔንም አብረሽ ፕላንሽ ላይ ሳዪኝ።»

በማግስቱ እማሆይ ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ አዜብ መደቡ ላይ ወጥታ ግድግዳውን አንኳኳች። ባዶ ድምፅ ሰጠ። የጎደለው ስፋት እዚያ ነበር፤ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል። ፕላኑ ላይ ቦታውን በቀይ አቅልማ «ስውር ክፍል» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ፣ ፕላኖችን ለመዝጋቢው ኮሚቴ ለሚያከፋፍለው፣ በንፋስ መውጫ ከተማ የቅርስ ቢሮ ባለሙያ ለሆነው ለካሌብ በስልኳ አንሥታ ላከችለት።

እማሆይ ሲመለሱ ሮጣ ተቀበለቻቸው። «አገኘሁት! ቤቱ አልጠበበም፣ ደብቆኝ ነው እንጂ!»

እማሆይ ወረቀቱን አላዩትም። «ለማን ነገርሽ?»

«ለ... ለካሌብ። ለቢሮው።»

መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ፣ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር የደብሩ የብራና መጻሕፍት እዚያ ነው የሚገቡት። ግድግዳውም ሲሠራ ለዚሁ ነው። አማቴ በግዝት ነው ያስረከቡኝ፤ ለልጆቼ እንኳ ትንፍሽ አላልሁ። አሁንም ውስጥ ናቸው።»

«እኔ እኮ ቤቱን ላድንልዎ ብዬ...»

«ቤቱማ ቢፈርስ መጻሕፍቱን ቀድሜ አወጣቸው ነበር። አሁን ማን እንደሚቀድመኝ በምን አውቃለሁ?»

አዜብ ቀዩን ፋቀች፤ በቦታው ወፍራም፣ ድፍን ግድግዳ ሳለች። አውቃ ስታሳስት የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ጨረሰች ጉብታው ላይ ሮጣ ወጥታ መልእክት ጻፈች።

«ካሌብ፣ የጠዋቱን አጥፋልኝ። ተሳስቼ ነው፤ ግድግዳው ድፍን ነው። ትክክለኛው ይኸውልህ። ለማንም አላሳየህም አይደል?»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳያት። ታች፣ ደጃፉ ላይ፣ እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና ብለው ያዩዋታል። አዜብ ስልኩን ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ ደግሞ ዘጋችው። ካሌብ በዚያ ቀን አልመለሰላትም፤ ከዚያም በኋላ አልመለሰም።